ለዘንዶው የቀጠልኩለት ክንፍ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሶስና ከትምህርት ቤቷ ላይብረሪ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተውሳ መጣች። «አያቴ፣ ሁሉም ታሪክ ስለ ድራገን ነው፤ ሶ ናይስ!» አለችኝ። ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። ዘንዶዎቹ ሁሉ ክንፍ አላቸው፤ ሁሉም ይበራሉ። ደሜ ፈላ። ልጅቷ ምን እንዳስቆጣኝ ግራ ገባት፤ እሷማ ምን አጠፋች።

በደርግ ዘመን ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ከእናቴ ጋር በሞያሌ በኩል ወጥተን ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። መሃል ከተማ ያለ አንድ አሳታሚ ከየአገሩ የዘንዶ ታሪክ ሰብስቦ በአንድ መጽሐፍ ሊያወጣ ነው ሲባል ሰማሁ። የእኔ ነገር! እንግሊዝኛዬ ስብርብር ያለ ቢሆንም አባቴ ይነግረን የነበረውን ተረት ጽፌ ላክሁ።

የአባቴ ዘንዶ ክንፍም እግርም የለውም። ምንጭ ዳር ተጋድሞ ይውላል፤ ፈቅ አይልም። ልጅ እየመረጠ የሚወስድለት የመንደሩ ሰው ነው። ተራው ወደ ቤቱ እንዳይመጣ ሁሉም የጎረቤቱን ልጅ ይጠቁማል። አባቴ ይህን ተረት ያመጣው ወንድሜ ዳዊት ከተወሰደ በኋላ ነው። ዳዊት የተደበቀበትን ቆጥ ለቀበሌ ጥበቃ ያሳዩት ማኅበር አብረውን የሚጠጡ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። አባቴ ይህንኑ ሲደጋግም ከርሞ በዓመቱ አረፈ።

የአሳታሚው አርታኢ፣ አንዲት ፈረንጅ፣ ስታስጠራኝ ሚያዝያ ነበር፤ የናይሮቢ ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶት ማታቱ ከሚሉት ሚኒባስ ስወርድ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ሻይ በወተትና ማንዳዚ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ዳቦ አቀረበችልኝ።

«ግሩም ነው» አለች። «ግን ይሄ እባብ እንጂ ድራገን አይደለም። ክንፍ ስጪው። እየበረረ መጥቶ ልጆቹን ይንጠቅ።»

በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ዘንዶ እያየን ያደግነውን ዘንዶ ልታስተምረን! ተናድጄ ወጣሁ ብል ደስ ባለኝ። አልወጣሁም። ስሜ በመጽሐፍ ላይ ታትሞ ታየኝና ማንዳዚዬን እየገመጥኩ «እሺ» አልኳት። እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ክንፍ ቀጠልኩለት።

መጽሐፉ እንደወጣ ይዤው ቤት ሮጥኩ። እናቴ ምስር ትለቅማለች። ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። «እየበረረ መጣ» ስል እጇ ቆመ።

«ማነው የበረረው?»

«ዘንዶው ነዋ፣ እማዬ። ፈረንጆቹ እንዲህ ነው የሚወዱት።»

«ከበረረማ ማን ምን ያድርግ?» አለች። «ሰዎቹ ምን አጠፉ? እንግዲያው ዳዊቴን ማንም አልሰጠብኝማ!» ሰፌዱን አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ አርታኢዋ ዘንድ ሄጄ «ክንፉን አውጪልኝ» አልኳት። «ታትሞ አለቀ እኮ! ደግሞ ለተረት ይሄን ያህል?» ብላ ሳቀች። ለተረት!

ባለፈው ሳምንት ሶስናን አጠገቤ አስቀምጬ የአባቴን ዘንዶ እንዳለ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ «መራመድ እንኳ አይችልም እኮ! ታዲያ ለምን ወሰዱለት?» አለች። እሰይ የኔ ልጅ! እናቴ ይህን ሳትሰማ ሞተች።

በአርታኢዋ እንደተናደድኩ አረጀሁ፤ በሰው መናደድ ይቀላል። ከታሪኩ ሥር የታተመው ስም ግን የእኔ ነው። ወንድሜን አሳልፈው የሰጡትን ሰዎች፣ እነሱ እንኳ ይቅርታ ሳይጠይቁኝ፣ በዚያ ክንፍ ነጻ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።