ግንዛቤ ጨብጠዋል

የሰፈራችን ሴቶች ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያዥ የሆንኩት ጽሕፈቴ ስለሚያምር ነው። ሀና ማርያም አካባቢ ሳይንስ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ የማስረዳት ፍቅሬም ገና አልበረደም። ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ስለ አየር ንብረት ለውጥ እንድናገር ስጠየቅ ሁለት ቀን ሙሉ ሥዕል ስሥል ሰነበትኩ።

ገለጻዬን ስጨርስ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ከተማው ሳይደርስባቸው ጀምሮ ወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ናቸው፤ ቤታቸውም እዚያው ጓሯቸው ጫፍ ላይ ነው።

«ቲቸር፣ ያልሽው ልክ ነው» አሉ። «የድሮው ዝናብ ቀስ እያለ መሬት ውስጥ ይገባ ነበር፤ የአሁኑ በአንዴ ይደፋል። ከድልድዩ ሥር ያለው ቱቦ ደግሞ ተደፍኗል። ክረምት ሳይገባ ካልተከፈተ ውሃው ዞሮ እኔ ቤት ነው የሚገባው። ወረዳው ማሽን ይላክልን።»

«ለጎመንሽ ነው የፈራሽው!» አለች አንዲት እኩያቸው ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ።

«ሳቂ! ያንን ጎመን በልተሽ አይደል እንዲህ የወፈርሽው» አሉ እሳቸውም እየሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፊው እሺ፣ ልጄ።»

ጻፍኩት። አንደኛ፦ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ገለጻ ተደርጎ ተሳታፊ ሴቶች ግንዛቤ ጨብጠዋል። ሁለተኛ፣ ልዩ ልዩ፦ ከቤቱ የተለያዩ አስተያየቶች ተነስተዋል። ቃለ ጉባኤ አጭርና ንጹሕ መሆን አለበት ብዬ ነበር የማምነው። ወረዳ የሚያየው ምን እንደተጠየቀና ምን እንደተወሰነ መሆኑን ያኔ አላወቅኩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እሳቸው አራት ሴቶች አስከትለው፣ ዶማና አካፋ ይዘው ወደ ቱቦው አፍ ወረዱ። እኔም አብሬ አፈር አወጣሁ። ውስጡን የዘጋውን የኮንክሪት ስባሪ ግን ማንቀሳቀስ አቃተን።

«እሱን ማሽን ያወጣዋል» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ወረቀቱ ገብቷል አይደል፣ ቲቸር?»

«ገብቷል እማማ፤ ራሴ ነኝ ያስገባሁት።»

ሰኔ አለቀ፤ ማሽን አልመጣም። ሌላ ማመልከቻ እናስገባ ያለች ሴት ነበረች። «ቲቸር ጽፋዋለች፤ ሁለቴ መጠየቅ ምን ይባላል» ብለው ያስተዉት እሳቸው ናቸው።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ዘነበ። ውሃው በቱቦው ማለፍ ሲያቅተው በጓሯቸው ዞረ። ሰው አልተጎዳም። ጎመኑ ከነአፈሩ ተጠርጎ ሄደ፤ የቤታቸው የጀርባ ግድግዳ ጭቃ ስለነበር ተናደ።

በማግስቱ አብሬያቸው ወረዳ ሄድኩ። የተቀበለችን ሠራተኛ ፋይሉን ገልጣ የእኔን ቃለ ጉባኤ አነበበችና አዙራ አሳየችን።

«የቱ ጋ ነው የጠየቃችሁት? ግንዛቤ ጨብጠዋል ነው የሚለው።»

ክፉ ሰው አልነበረችም፤ የተጻፈውን ነው ያነበበችው።

እናትየዋ ማንበብ አይችሉም። «ቲቸር፣ የእኔ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

ጣቴን «ልዩ ልዩ» የሚለው ላይ አሳረፍኩ። አንድ መስመር እንኳ አይሞላም። ጎንበስ ብለው አዩት።

ማሽኑ በዚያው ሳምንት መጥቶ ቱቦውን ከፈተ። ቦታው ለመኖሪያ አደገኛ ስለተባለ ግን እሳቸው ጎፋ፣ ልጃቸው ጋ ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ አራተኛ ፎቅ። ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ሴቶቹ እሳቸውን ሰብሳቢ አድርገው መምረጣቸውንም ነገርኳቸው።

«አንቺ ምን ታደርጊ» አሉኝ ሻይ እየቀዱልኝ። «ሰብሳቢ ግን ሌላ ፈልጉ። የዚያ ሰፈር ሰው አይደለሁማ አሁን።»