ውሃ የሚያዳምጠው ሰው

የሴቻ ሰፈር ሴቶች ስሙን አናውቀውም፤ ውሃ ከፋቹ ነው የምንለው። ቅዳሜ ጠዋት ረጅሙን የብረት ቁልፍ ትከሻው ላይ አጋድሞ ይመጣል። ቦቲው ጭቃ የጠገበ ነው፤ አንገቱ ላይ የሚጠመጥመው ባለደማቅ ቀለም የዱንጉዛ ሽመና ስካርፍ ግን ሁልጊዜ ንጹህ ነው። ማን እንደሚያጥብለት እንጃ።

ደጃችን ያለውን የጉድጓድ ክዳን ያነሳና ቁልፉን ቫልቩ ላይ ሰክቶ ቀስ እያለ ያዞራል። ዛሬ ትዕግስቴ አለቀ።

«ለላይኞቹ ጥርግ አድርገህ ትከፍታለህ፤ ለእኛ ሲሆን ትቆነጥራለህ!» አልኩት።

«እህቴ፣ እነሱ ዳገት ላይ ናቸው፤ ሙሉ ካልከፈትኩት አይደርሳቸውም። እናንተ ቁልቁለት ናችሁ። ግፊት የሚቀንሰው ቫልቭ አርጅቷል፤ ለጊዜው የሚቀንሰው የእኔ እጅ ነው። በአንዴ ብለቀው ቧንቧችሁን ይሰነጥቀዋል» አለኝ፤ ቁጣ የለበትም።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን የቁልፉ ጫፍ ላይ ለጠፈ። ውሃው ከመሬት ስር ሲያልፍ በብረቱ በኩል ይሰማዋል። ዓይኑን ጨፈነ። በጋሞኛ አንድ ነገር አጉረመረመና መልስ እንደሚጠብቅ ሰው አዳመጠ። ፈገግ አለ፤ ደግሞ ትንሽ አዞረ።

ላይኞቹን ረሳኋቸው። አሁን የቀናሁት በውሃው ነው። እኔን እንደዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳመጠኝ ሰው የለም።

ገባሁና ለባሌ «ውሃ መጣ፤ ሰውዬው እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

ሳይዞር የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገው።