በቴራዞው ላይ የበቀለው የበረሃ አበባ

እስከ ዛሬ ከገበያ ዝርዝር በቀር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሰው ፊት ማውራት ስለማፍር ግን ይህችን ነገር ብጽፋት ይሻለኛል።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴ ሮም ውስጥ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አጠገብ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ሲኞራ ቤት እዚያው እያደረች ትሠራ ነበር። እኔም ከአዲስ አበባ መጥቼ ከኩሽናው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል አብሬያት እተኛ ነበር። ሥራዋም፣ መኝታችንም፣ ፔርሜሶ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃዷም በሲኞራ እጅ ስለነበር ኮቴዬ እንዳይሰማ በካልሲ ነበር የምሄደው።

ቴራዞ በምንለው ሰገነት ላይ በትልቅ የሸክላ ዕቃ የተተከለ ቁጥቋጦ ነበር። የሲኞራ ባል ዘሩን ያመጡት ከአሜሪካ በረሃ ነው፤ ጣሊያኖች ግራኖ ሳራቼኖ የሚሉት እህል የዱር ዘመድ ነው ይባላል። ቅጠሉ ከላይ አመድማ፣ ከሥሩ እንደ ጥጥ ነጭ። ውሃ ብዙም አይወድም። እናቴ «ይሄስ ከእኛ ይሻላል፤ ማንንም ሳያስቸግር ይኖራል» ትል ነበር። በዚያ ክረምት መጨረሻ ግን አበበ። ትንንሽ ቢጫ አበቦች እንደ ጃንጥላ ተዘርግተው፣ ማር ማር እየሸተቱ፣ ንቡ ሁሉ ወረራቸው።

አደይ አበባ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ቢጫ ነው፤ ለመስከረምም ደርሷል። በእኛ አገር ደግሞ የዱር አበባ ለቀጠፈው ሰው ነው፤ ባለቤቱ ማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። የእንቁጣጣሽ ጠዋት አንድም ሳላስቀር በመቀስ ቆርጬ በቀይ ክር አሰርኩት። ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ተሰብስበው ከሚዘፍኑት የሐበሻ ልጆች ኋላ፣ አበባዬን ይዤ ዝም ብዬ ልቆም ነበር ሐሳቤ።

እናቴ ስታየኝ የዕቃ ማጠቢያ ጓንቷ ሳሙና እያንጠባጠበ ደርቃ ቀረች።

«አንቺ ልጅ! ይሄ እኮ ከተተከለ ጀምሮ ገና ዘንድሮ ማበቡ ነው! ዛሬ ብንባረር የት ልውሰድሽ?»

ይህን ስትል ሲኞራ ከተፍ አሉ። የተመለጠውን ቁጥቋጦ አዩ፤ እቅፌን አዩ። እናቴ እየተርበተበተች የአዲስ ዓመታችን ባህል መሆኑን ነገረቻቸው።

«በመስከረም?»

«አዎ ሲኞራ። ሴቶች ልጆች አበባ ይዘው በየቤቱ ይዘፍናሉ።»

ሲኞራ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ባሌ ይህን አበባ ሳያይ ነው የሞተው። በከንቱማ አይቆረጥም። አሎራ፣ እንግዲህ ትዝፈና!»

እናቴን አየኋት፤ አፏ ሳይንቀሳቀስ ዓይኗ «በሞቴ» አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትንኝ በመሰለች ድምፅ ጀመርኩ። እናቴ ጓንቷን ሳታወልቅ እያጨበጨበች ስትቀበለኝ፣ ሳሙናው ተረጭቶ የሲኞራን መነጽር ሸፈነው። በሳቅ ፈረሱ። መነጽሩን ሲያወልቁ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። አበባውን ስሰጣቸው ግማሹን ከባላቸው ፎቶ ፊት አኖሩ፤ ግማሹን መልሰው አስያዙኝ።

«ለልጆቹ ውሰጂ። ከከርሞ ጀምሮ ግን መጀመሪያ እዚህ ነው የምትዘፍኚው።»

ዛሬ እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን የወረቀት አበባ ይዘው፣ በስልክ እየተቀረጹ፣ አስፋልቱን ያደምቁታል። ሳያቸው ደስ ይለኛል፤ እንደ እኔ አያፍሩም። እኔ ከሲኞራ ቤት በቀር የትም ዘፍኜ አላውቅም፤ እዚያ ግን አንድም ዓመት አልቀረሁም። ሲኞራ ከማረፋቸው በፊት በነበረው እንቁጣጣሽ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ፣ እንደ ልማዴ በሹክሹክታ ስጀምር፣ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው አስቆሙኝ።

«ጮክ በይ እንጂ፣ ልጄ። ማን እንዳያባርርሽ ነው?»