ቢቸና ላይ የመረጥሁት ሌንስ

ቢቸና ሥራ የጀመርሁ ዕለት አለቃዬ አቶ መርዕድ ሁለት የሌንስ ሣጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ጠበቁኝ።

«አንዱ ይቀራል፣ አንዱ ይመለሳል» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። «አስመጪው ሁለቱንም የላከልን ሞክረን እንድንመርጥ ነው። ተሸክመህ የምትዞረው አንተ ስለሆንህ የምትመርጠውም አንተ ነህ። በኋላ ግን ጥፋቱ የሌንሱ ነው ብትለኝ አልሰማህም።»

እኔ ከደሴ የመጣሁ የፎቶ ቤት ሰው ነበርሁ። ሙሽራ፣ የክርስትና ልጅ፣ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ፤ ሥራዬ ይኸው ነበር። የማነሳው ሁሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ «አትንቀሳቀስ» ስለው የሚሰማኝ ሰው ነው። የዱር እንስሳትን ጉዳይ የሚከታተለው መሥሪያ ቤት በቢቸናና በሞጣ አውራጃዎች ያሉትን አራዊት የሚያነሳለት ሰው ሲፈልግ ተወዳድሬ ገባሁ። የተቀጠርሁት ለሙከራ ስለነበር ቋሚ መሆን አለመሆኔ በአቶ መርዕድ አስተያየት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

አንደኛው ሌንስ ክንዴን የሚያህል፣ ከባድ፣ አንድ ርቀት ብቻ የሚያይ ነው። «ቋሚው» አልነው። ሁለተኛው ዙም የሚባለው ነው፤ ቀለበቱን ሲያዞሩት ከሁለት መቶ እስከ ስድስት መቶ ሚሊሜትር ይሄዳል፤ ያርቃል፣ ያቀርባል። በዚያ ዘመን ዙም አዲስ ነገር ነበር። ደሴ ያሠለጠነኝ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ዙምን «የሰነፍ ዕቃ» ይለው ነበር፤ እኔም እንደሱ አምን ነበር።

መጀመሪያ የሞከርኋቸው ከቢሯችን ደጃፍ ነው። ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስሬ ኮረብታው ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ጉልላት በሁለቱም አነሳሁ። ፊልሙን አጥቤ ሳትም ቋሚው ጉልላቱ ላይ ያረፈችውን ርግብ ላባ በላባ ለይቶ አወጣት። ዙሙ መሐሉ ላይ ደህና ነው፤ እስከ ጫፍ ሲሳብ ግን ጠርዝ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ብርሃንም ያንሰዋል።

አቶ መርዕድ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው አዩ።

«ምን ያጠያይቃል? ይኼኛው ነዋ!» አሉ ቋሚው ያነሳውን እያሳዩኝ።

እኔም ልቤ እዚያው ነበር። ነገር ግን ጉልላት አይሸሽም። በእንስሳ ሳልሞክር መወሰኑን ስላልወደድሁት «የጁቤ ወርጄ ልምጣ» አልሁ፤ ፈቀዱልኝ።

የጁቤ ዓባይ ገደል አፋፍ ላይ ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ቋጥኝ ላይ የሚቆሙ ሰሶች ነበሩ። ሰስ እንደ ፍየል ያለች፣ በሰኮናዋ ጫፍ ድንጋይ ላይ የምትቆም ትንሽ አጋዘን ናት። በዓይኔ አየኋት፤ በቋሚው ሌንስ ላያት ስሞክር ግን ጠፋችብኝ። ዓለምን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ሆነብኝ። ድንጋይ አገኛለሁ፣ ቅጠል አገኛለሁ፣ ሰማይ አገኛለሁ፤ ሰሷን አላገኝም። ቀና ብዬ በዓይኔ ፈልጌ እንደገና ሳጎነብስ ሄዳለች። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሆነ። አንዷ ብቻ ሳታየኝ አጠገቤ ድረስ መጣችና አነሳኋት፤ እሷ ደግሞ በጣም ቀርባ ኖሮ ፎቶው ላይ ጆሮና ጠጉር ብቻ ወጣ።

በማግሥቱ ዙሙን አሰርሁ። መጀመሪያ አርቄ ገደሉን በሰፊው አየሁት። ሰሷ ስትንቀሳቀስ አየኋት፤ ዓይኔን ሳላነሳ ቀለበቱን አዞርሁ፤ መጣችልኝ። ዞር ስትል አርቄ ተከተልኋት፣ ስትቆም አቀረብኋት። የዙሙ ክብደትም ቢሆን ቀላል አልነበረም፤ ግን ቁልቁለቱን ተሸክሜው ወርጄ ስወጣ ማታ ትከሻዬን ማንሳት ችዬ ነበር።

ቢቸና ስመለስ አቶ መርዕድ የጆሮዋን ፎቶ በእጃቸው ይዘው «ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሰስ ናት።»

«ፍየል ናት ብልህስ?»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ኮስተር አሉና «እሺ ሰይድ፣ የትኛውን?» አሉ።

«ዙሙን።»

«ጠርዙ እየደበዘዘ? እርግጠኛ ነህ?»

«አይደለሁም። የምመርጠው ግን እሱን ነው።»

ቋሚውን ወደ ሣጥኑ መለሱት። ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው የጭነት መኪና ሲጫን ቆሜ አየሁ። ላባ በላባ የታየችው ርግብ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ከዚያ በኋላም ቢሆን የደበዘዘ ፎቶ ባመጣሁ ቁጥር አቶ መርዕድ ምንም ሳይሉ ለብቻ ያስቀምጡት ነበር። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

በበጋው ጉሬዛ እንዳነሳ ሞጣ ተላክሁ። ጉሬዛዎቹ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ ነበሩ፤ ሥራው ደህና ሄደልኝ። አንድ ጧት ያደርሁበት ቤት ደጃፍ ሌንሱን በጨርቅ እየወለወልሁ ሳለ አንዲት ሴት መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ጌታው፣ የመንግሥት ፎቶ አንሺ አንቱ ነዎት?»

«ነኝ፣ እህቴ።»

«ይኸ መነጥርዎ ገደል ማዶ ያለውን ያመጣል አሉ። እውነት ነው?»

«ያቀርባል። ምን እንዲታይልሽ ነው?»

አስካል ትባላለች። ባሏ ሙላት የግራዝማች አድማሱን ከብት የሚጠብቅ ሰው ነው። ገደሉ አፋፍ የሚሰማሩት ጥጆች ተራ በተራ ይጠፉ ጀመር። ሙላት «ነብር ነው የሚወስዳቸው» አለ። ግራዝማች «ተወልጄ ባረጀሁበት አገር ነብር የሚባል አይቼ አላውቅም፤ ደብረ ወርቅ ገበያ ወስደህ ሸጠሃቸዋል» ብለው ከሰሱት። አሁን ሞጣ ፖሊስ ጣቢያ ታስሯል፤ የፖሊሱ መኪና እንደመጣ ወደ ደብረ ማርቆስ ወህኒ ቤት ሊወሰድ ነው።

«ትናንት ጥንብ አንሳ ሲዞር አይቼ ሄድሁ» አለችኝ። «ገደሉ ወገብ ላይ ዛፍ አለ፤ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለ ነገር አለ። ለፖሊሶቹ ነገርኋቸው። አንዱ መጥቶ ከማዶ አየና ጥቁር ነገር ነው፣ ጆንያም ሊሆን ይችላል ብሎ ተመለሰ። እንደው ለነፍስዎ ይዩልኝ።»

እንኳን የሰው ክስ ውስጥ መግባት፣ ጉሬዛ ላነሳ ተልኬ ነብር ፍለጋ መሄዴን አቶ መርዕድ እንዴት እንደሚያዩት አላውቅም ነበር። ግን እምቢ የሚያሰኝ አንደበት አጣሁ። ማቆሚያውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ተከተልኋት።

ገደሉ ጠባብና ጥልቅ ነው። ማዶው ቀጥ ያለ ግድግዳ ስለሆነ ወደ ዛፉ ሰው የሚያወርድም የሚያወጣም መንገድ የለውም። ከዛፉ በላይ ሞጣ ያለ ሰው ሁሉ መንታ ድንጋይ የሚለው ቋጥኝ አለ። ካሜራውን ተከልሁ፣ ነፋስ እንዳያንቀጠቅጠው ማቆሚያው ሥር ድንጋይ አንጠለጠልሁ። አርቄ መንታ ድንጋዩን፣ ግድግዳውንና ዛፉን አንድ ላይ አነሳሁ። ከዚያ ቀለበቱን አዞርሁ።

ጥጃ ነበረች። ራሷ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ ጥቁር ናት፣ ወገቧ ላይ ግን ነጭ መቀነት የታጠቀች ይመስል ዙሪያውን ነጭ ነው። ለአስካል ቦታውን ለቀቅሁላት። አንድ ዓይኗን በእጇ ሸፍና አየች።

«እሷው ናት! የእመቤቴ ያለህ፣ ወገበ ነጯ እኮ ናት!»

ጥጃዋን አነሳሁ። ያም ሆኖ አልበቃኝም፤ ነብሩን ካላዩ ሌላ ነገር ይሉ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ፀሐይዋ ከገደሉ ግድግዳ ላይ እየለቀቀች፣ ጥላው ወደ ዛፉ እየቀረበ መጣ። ጥላ ከደረሰበት ይህ ሌንስ ምንም እንደማያወጣ አውቃለሁ።

አንድ ጥንብ አንሳ ቅርንጫፉ ላይ አረፈ፤ ሌላው ተከተለው። ይኼኔ ከዛፉ ሥር፣ ድንጋይ መስሎን የነበረው ነብር ተነሥቶ ወጣ። በጣም አቅርቤ ስለነበር ጭራውና ግማሽ ወገቡ ከፎቶው ውጭ ቀረ። ቀለበቱን ትንሽ መለስ አደረግሁ፤ ነብሩም፣ ጥጃዋም፣ ግንዱም አብረው ገቡልኝ። ቁልፉን ተጫንሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቻልሁት፤ አሞሮቹ ሲበሩ እሱም ተመልሶ ጥላው ውስጥ ገባ።

አስካል መሬት ስማ ተነሣች። እኔ ግን ደስታዬ ግማሽ ነበር። ብርሃኑ አንሶ ስለነበር የካሜራውን መዝጊያ ቀስ እንዲል አድርጌዋለሁ፤ ነብሩ ደግሞ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ደብዝዞ ቢሆንስ? ይህን ለእሷ አልነገርኋትም።

የመሥሪያ ቤቱን መኪና ይዤ ቢቸና ደረስሁና ለአቶ መርዕድ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰብስበው ከእኔ ጋር ጨለማ ክፍል ገቡ። ከዚያ በፊት ገብተው አያውቁም።

ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ነከርሁት። መጀመሪያ ግንዱ መጣ። ቀጥሎ የጥጃዋ ነጭ መቀነት። ከዚያ ከግንዱ አጠገብ ግራጫ ነገር ታየ። ግራጫው ጠቆረ፣ ነጠብጣቡ አንድ በአንድ ወጣ፣ ፊቱ ወጣ። ጭራው ብቻ ደብዝዟል።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አቶ መርዕድ።

«አልሐምዱ ሊላህ» አልሁ፤ ወረቀቱን አንስቼ ውኃ ውስጥ ከተትሁት።

«የሩቁንም አትም» አሉኝ። «ይኼን ብቻ ብናሳያቸው የት አገር የተነሳ ነው ይሉናል።»

ሞጣ ስንደርስ የፖሊሱ መኪና መጥቶ ግቢው ውስጥ ቆሟል። አስካል በሩ ላይ ስንቅ ይዛ ቆማ ነበር። የጣቢያው አዛዥ፣ አንድ የመቶ አለቃ፣ ፎቶዎቹን አይተው ግራዝማችን አስጠሩ። ግራዝማች ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ፤ ዓይናቸው ስለደከመ ፎቶውን ራቅ አድርገው ያዙት። የሩቁን ነው ያስቀደምሁላቸው።

«ይኸማ መንታ ድንጋይ ነው» አሉ ወዲያው።

«ከሥሩ ያለውን ዛፍ ያውቁታል?» አሉ አቶ መርዕድ።

«እንዴት አላውቀው! ከዚያ ማን ይደርሳል?»

ያን ጊዜ የቅርቡን ሰጠኋቸው። ብዙ ጊዜ አዩት።

«ወገበ ነጭ» አሉ በመጨረሻ። «ከቤቴ የተወለደች ናት። ይኸ ደግሞ ነብር ነው።» ወደ መቶ አለቃው ዞሩና «ክሴን አንስቻለሁ፤ ሰውየውን ይልቀቁልኝ» አሉ።

ሙላት ሲወጣ ግራዝማች «በድዬሃለሁ» አሉት። እሱ ግን ፎቶውን ለማየት እጁን ዘረጋ። ነብሩን ትክ ብሎ አየው።

«አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ነብር ነው ያልሁት ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው።»

አስካል በሩ ላይ ስንቁን መሬት አስቀመጠችና እዚያው ስንቁ አጠገብ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም፣ እልልም አላለች። ብቻ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ እኔም ሳላውቀው አብሬያት ተነፈስሁ።

ግራዝማች «ታዲያ ነብሩን ትገድሉልኛላችሁ?» ብለው ጠይቀው ነበር። አቶ መርዕድ «እሱን አንገድልም፤ ጥጆቹ ግን ገደሉ አፋፍ አይሰማሩ» አሏቸው። ተከራከሩ፤ በኋላ ተስማሙ። ሙላት ጥጆቹን ከአፋፉ ርቆ በእሾህ ያጠረላቸው ጊዜ መጥፋቱ ቆመ። ሙላትም ሥራው ላይ ቆየ፤ እኔም በዚያው ዓመት ቋሚ ሆንሁ።

በዚያ ዙም ዓይኔ እስኪደክም ሠራሁበት። ጠርዙ ሁልጊዜ ይደበዝዝ ነበር፤ መቆጨቴን ግን ተውሁ።

ለዱር እንስሳ ረጅም ሌንስ የምትመርጡ ልጆች፣ ሱቅ ውስጥ በጉልላት አትፈትኑት። ተሸክማችሁት ገደል ውረዱ፣ የሚሸሽ ነገር ተከተሉበት። ሁለት ሌንሶች ለመምረጥ እኩል ካስቸገሯችሁ፣ እንስሳው የት እንደቆመ ጭምር የሚያሳየውን ውሰዱ።