ባለቤቱ ያልቀመሰው በግ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። እስካሁን በግ ሲታረድ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አንዳንዴ በራሴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሆዴን ያባባዋል።

ጎንደር አራዳ ላይ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። አያቶቼም አዲስ ዓለም ሰፈር ተወልደው በንግድ የኖሩ ናቸው። እንግዳ ከመጣ ሱቄን ዘግቼ ከተማውን ሳስጎበኝ እውላለሁ። ባለቤቴ «አንተን መንግሥት ደሞዝ ይቁረጥልህ እንጂ!» እያለች ትቀልድብኛለች። ማውራት እወዳለሁ፤ ጉራም አላጣም።

የዚያን ጊዜዎቹ ግን ተራ እንግዶች አልነበሩም። ልጄን ሰሚራን ለልጃቸው የጠየቁ ሰዎች ናቸው፣ ከደሴ የመጡ። የልጁ እናት ወይዘሮ ዘሐራና አጎቱ ሐጂ ይማም፣ ከሦስት ዘመዶቻቸው ጋር። የልጁ አባት በሕይወት ስለሌሉ ነገሩን የሚቆርጡት ሐጂ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ልጁ ከሩቅ አገር ማግባቱን አልወደዱትም። ቁጥብ ናቸው፤ ፊታቸው በቀላሉ አይፈታም። ሰሚራ ዋዜማውን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። «አባባ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ብዙ አታውራ» አለችኝ።

ጠዋት ግንቡን አስጎበኘኋቸው፣ ከዚያ የፋሲል መዋኛን። አፌ እስኪደርቅ አወራሁ። ሐጂ ከዘራቸውን ተደግፈው ዙሪያውን አዩና «ግንቡስ ደህና ነው። አገር ግን ሰው ነው» አሉ።  እኔም ቆይ ምሳውን ይብሉ ብዬ በሆዴ ዛትኩ።

ምሳውን ያሰብኩት ኮሶዬ ነበር፣ በደባርቅ መንገድ። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል እያዩ ጥብስ መብላት የመሰለ ነገር የለም። የማውቀው ምግብ ቤት አለ፣ ባለቤቱ የእኛው ሰው። በዋዜማው ስደውል ሴት አነሳች። «ከጎንደር ነው፣ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ እንመጣለን፣ ሙክት የመሰለ በግ ይታረድልን» ብዬ እሷ ልታወራ ስትል ዘጋሁት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ።

ደረስን፤ እጃችንን ታጠብን። የጥብሱ ሽታ ከጓዳ ያውዳል። ሐጂ ቀስ ብለው «ለመሆኑ ያረደው ማን ነው?» አሉ።

አስተናጋጇ ደስ ብሏት ብቅ አለች። «ባለቤቴ ነው አባቴ! በስመ አብ ብሎ አሳምሮ ነው የባረከው!»

ወይ ጉዴ! ለካ የማውቀው ሙስሊሙ ሰው ቤቱን ከነስልኩ ለቅቆላቸው ሄዷል። በእኛ አገር ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን፣ እስላሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ሠርጉንም ለቅሶውንም አብረን እንውላለን፤ ሥጋ ላይ ስንደርስ ድስታችን ይለያያል። ጎንደሬ ሆኜ፣ ስንቱን ድግስ ደግሼ፣ ይህችን አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ ቀረሁ!

ሴትየዋ ስትሰማ ደረቷን መታች። «አፈር ልብላ! ምነው በስልክ ቢነግሩኝ? በሉ ሽሮ ላቅርብ።» አማቾቼን በመጀመሪያው ምሳ በሽሮ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐጂ ከዘራቸውን አነሡ። «ግድ የለም፣ እንመለስ» አሉ። ቁጣ የለውም ድምፃቸው፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሰሚራን በምን ዓይኔ እንደማያት አሰብኩ።

ጥግ ላይ ጋቢ ለብሰው ሻይ የሚጠጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። እስከዚያ ድረስ ልብም አላልኳቸው።

«ምነው? እንግዳ ጦሙን ሊመለስ ነው?» አሉ። «ቤቴ እዚያ ማዶ ነው። በግ ከእኔ፣ ማረዱ ከእናንተ።»

«አያ፣ እንዴት ይሆናል? መቼ ተዋውቀን?» አልኳቸው።

«እንግዲህ ዛሬ ተዋወቅን። ወርቁ እባላለሁ። ተነሡ በሉ!»

ሐጂን አየኋቸው። ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ተከተሏቸው። የታዘዘውን ጥብስ ክርስቲያኑ ሾፌራችን ብቻውን ወረደበት፤ ለእሱ ሠርግ ሆነለት።

አያ ወርቁ ቤት ስንደርስ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩዬ ማንም ሳይነግራቸው ከቆጥ ላይ የታሰረ ማዳበሪያ አወረዱ። ውስጡ አንድ ድስት፣ ሦስት ሳህንና አንድ ቢላዋ አለ፣ ሁሉም ንጹሕ። «የኑርሁሴን ዕቃ ነው» አሉ። ኑርሁሴን ጨው ነጋዴ ነበር፤ ደባርቅ ገበያ ሲወጣና ሲወርድ እነሱ ቤት ያድር ነበር። ለእሱ ብለው ለብቻ ያስቀመጡለት ዕቃ ነው። ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ።

ሐጂ ሳህኑን አገላበጡት። «ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው አቆያችሁት?»

«እሱ ቢሞት መንገዱ አልሞተ!» አሉ አያ ወርቁ። «ሌላ እስላም ያልፋል ብለን ነዋ።»

ወይዘሮ ጥሩዬም «ለፋሲካ ዕቃ ሳጥብ እሱንም አጥበዋለሁ» አሉ።

በጉ መጣ፣ ላቱ የሚንከባለል። ሐጂ ቢላዋውን ይዘው ቂብላው፣ የመካው አቅጣጫ፣ ወዴት እንደሆነ ሲያማትሩ አያ ወርቁ በአገጫቸው ጠቆሙ። «ኑርሁሴን ወደዚያ ነበር የሚያዞረው።» ሐጂ ቢስሚላህ ብለው አረዱ። ገፈፋው ላይ ሁላችንም ተረባረብን። ወይዘሮ ጥሩዬ «በእጃችሁ ይሁን፣ ልባችሁ እንዳይጠራጠር» ብለው እሳቱን ለወይዘሮ ዘሐራ ለቀቁላቸው። ከጠዋት ጀምሮ በወግ በወግ የተቀመጡት ሴትዮ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሽንኩርት ከተፉ። ወዲያው ሁለቱ እናቶች የልጅ ነገር እያነሡ ሲሳሳቁ ሰማሁ።

ጥብሱ ደረሰና ተቀመጥን። አያ ወርቁና ባለቤታቸውም የራሳቸውን ትሪ ይዘው አጠገባችን ተቀመጡ። ሽሮ ነው። እኔ ስሙ ሲነሣ መሬት ብትውጠኝ ብዬ የተመኘሁበት ሽሮ! ባለ በጎቹ ሽሮ እየጠቀሱ «ብሉ እንጂ! ምነው፣ አልጣፈጠም?» እያሉ እኛን ያበሉናል። እኛ ያረድነውን እነሱ አይቀምሱት ነገር።

 ሐጂን ቀና ብዬ ባይ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። የበጉን ዋጋ ልስጥ ብል አያ ወርቁ ተቆጡኝ። የተረፈውን ሥጋ ሳይቀር ቋጥረው አሸከሙን፤ እነሱ ቤት ለማን ይሆናል?

ስንመለስ እኔም ዝም፣ ሐጂም ዝም። ከተማው ሲታይ ሐጂ «አገሩን አሁን አየሁት» አሉ። ቀጥለው «ሠርጉን መቼ እናድርገው?» ብለው ጠየቁኝ። ለሰሚራ ስነግራት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «ብዙ አወራህ እንዴ?» አለችኝ። በመልሱ መንገድ አንድ ቃል አልተናገርኩም አልኳት፤ አላመነችኝም።

ለሠርጉ አያ ወርቁን ራሴ ሄጄ አመጣኋቸው። ለእሳቸው የተለየ በግ አሰርኩ፣ አዲስ ድስትና አዲስ ቢላዋ ገዛሁ። «በሉ አያ፣ በእጅዎ ይባርኩት» አልኳቸው። ክርስቲያን ጎረቤቶቼ ሠሩላቸው። እጃቸውን ያስታጠቧቸው ሐጂ ይማም ናቸው፤ በልተው እስኪጠግቡም ከአጠገባቸው አልተነሡም። ሐጂም በተራቸው ያንን ሥጋ አልቀመሱትም።

አያ ወርቁ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ ስለ ጎንደር ሙሉ ቀን ለፍልፌ ያላሳየሁትን እርስዎ በአንድ ትሪ ሽሮ አሳዩልኝ። ለእርስዎ የገዛሁት ድስት አሁንም ቤቴ ለብቻው ተቀምጧል። ዘንድሮ ለኢድ ዕቃችንን ስናጥብ ባለቤቴ ምንም ሳልላት እሱንም አወረደችና አጠበችው።