ከብርድ ልብሱ ወዲህ

ከባለቤቴ ከላምቤቦ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ ምስር መልቀም ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ ጠጠሩን የሚያገኘው በጣቱ ነበር። እኔ በመነጽር ፈልጌ ሁለት ሳገኝ እሱ ወደ ጣሪያው እያየ አራት አገኘ። ከኳስ ሜዳው በኩል ጩኸት ሲሰማ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። የወጌሻ ቤት ይህን ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው ብሎ ትሪውን ወደ እኔ ገፋው። ረቡዕ ጠዋት አልነቃም።

ከሞተ አምስት ወር ሆነው። ይህን የምጽፈው በቀን ጥቂት መስመር እያልኩ ነው። የምጽፈውም ዛሬ ሯጭና ተጫዋች ለምታሹ ለእናንተ ነው። እናንተ ጠረጴዛም ሥልጠናም አላችሁ። እኛ በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ላይ እንዴት እንደሠራን፣ ምን እንዳጠፋንም የሚያውቅ ሰው እያለቀ ነው።

ላምቤቦ የፎንቆ ሰው ነው። አባቱ ስብራት የሚጠግኑ ወጌሻ ነበሩ። እሱ ከአባቱ የተማረውን ይዞ አዲስ አበባ ሦስት ወር ሠለጠነና የአውራጃው እግር ኳስ ቡድን ወጌሻ ሆነ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ነበርኩ። ልጃችንን ማርቆስን ጡት ባስጣልኩበት ዓመት፣ የአውራጃው ስፖርት ኮሚቴ የሴቶች የሩጫ ቡድን እንዲያቋቁም ከላይ ታዘዘ።

ልጆቹ ከሆመቾ፣ ከዱራሜና ከአንጋጫ ተሰበሰቡ። አባቶቻቸው ግን ወንድ ወጌሻ አይነካቸውም አሉ። ከአባቶቹ መካከል ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎባቸው በየቤቱ የሚጸልዩ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እነሱን በዚህ ነገር መግፋት አይቻልም። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ተክሌ፣ ታዲያ ማሸቱን ማን ይሥራው፣ እኔ ልሥራው ወይ ብሎ ጠየቀ። ላምቤቦ ሚስት አለችኝ አለ። ሙያው አላት ወይ ሲባል፣ እጅ አላት፣ ሙያው እኔ ጋ ነው ብሎ መለሰ። ይህን ቤት መጥቶ ሲነግረኝ ተቆጣሁ። በማግስቱ ግን ሄድኩ።

የመጀመሪያውን ቀን የዋልነው አንድ መማሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት ዴስክ አጋጥመው የሣር ፍራሽ አንጥፈውበታል። ከመስኮቱ እስከ በሩ ገመድ ተወጥሮ ግራጫ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። እኔና ልጆቹ ከብርድ ልብሱ ወዲህ ነን። ላምቤቦ ከወዲያ ሣጥን ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። መጀመሪያ የተኛችልኝ ዘነበች የምትባል የአንጋጫ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ እግሯ ረጅም፣ የአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ሯጭ።

«እጅሽ የት ነው?» አለኝ።

«ባቷ ላይ።»

«ምን ይመስላል?»

«ሥጋ ይመስላል።»

ልጆቹ ሳቁ። «ሥጋማ ሉካንዳም አለ» አለ ላምቤቦ። «ማርታ፣ የምታውቂውን ተይውና የሚሰማሽን ንገሪኝ።»

ሙያውን የተማርኩት እንዲህ ነው፤ እሱ ሳያይ፣ እኔ እየነገርኩት። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የራሳችን መለኪያ ነበረን። ያረፈ ጡንቻ ቡላ ነው፤ ልስልስ ነው። ሠርቶ የደከመው ቆጮ ነው፤ ጠንከር ይላል። የተኮማተረው ቃጫ ነው፤ ጣት ሥር ክሩ ይንከባለላል። ከዚያ ያለፈው ድንጋይ ነው። ልጆቹም ለመዱት። ገና ከበሩ ሲገቡ «እትዬ፣ እኔ ዛሬ ቆጮ ነኝ» ይሉኛል። ዘነበች ተራዋ ሲደርስ፣ ቆጮ ከሆንሽስ ጎመን ይዘሽ ነይ ብለው ይቀልዱባታል።

ከውድድር በፊት ያለው ሥራ አጭር ነው፤ ለአንድ ሰው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። የጉሎ ዘይት በትንሹ፣ እጅ ፈጠን ፈጠን እያለ፣ ሳይጠልቅ። ላምቤቦ ከወዲያ ሆኖ የእጄን ድምፅ ይሰማ ነበር። ዝግ ካልኩ፣ ቀስቅሻት እንጂ አታስተኛት ይለኛል። አንድ ጊዜ ዱራሜ ላይ አዝኜላት አንዷን ልጅ ሩብ ሰዓት ጠልቄ አሸኋት። እግሯ ልፍስፍስ ብሎ መጨረሻ ወጣች።

ከውድድር በኋላ ያለው ረጅም ነው። መጀመሪያ ትራመድ፣ ውኃ ትጠጣ፣ ልብስ ትደርብ። ከዚያ ከእግር መርገጫ ተነስቶ ወደ ልብ እየገፉ መውጣት ነው፤ መርገጫው፣ ባቱ፣ ጭኑ፣ ወገቡ። አሥራ አራት ልጆች ነበሩን። ሃያ ስምንት እግር አሽቼ፣ በኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተጭነን ሆሳዕና መናኸሪያ ስንደርስ አውራ ጣቶቼ አይታጠፉም ነበር። ቤት ስንገባ ላምቤቦ ጣቶቼን ይይዛል። ወጌሻን የሚያሽ ወጌሻ ደመወዙ ስንት ነው እያለ ይስቅብኛል። ወረቀት ላይ እኔ ወጌሻ አልነበርኩም፤ የሴት ወጌሻ የሚባል መደብ ስላልነበረ በጽዳት ሠራተኛነት ነው የተቀጠርኩት።

ከሁሉም በላይ ያስጠነቀቀኝ ስለ ሙቀት ነው። እጅ ከመጫን በፊት በእጅ ጀርባ ይነካል፤ መዳፍ በሥራ ስለሚሞቅ አይለይም። አንዱ ቦታ ከዙሪያው ከሞቀ ውስጡ ተቀዷል ማለት ነው። እዚያ ላይ እጅ አይጫንም፤ ትኩስ ነገርም አይደረግም። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ተደርጎበት እግሩ ከፍ ይላል፣ ልጅቷም አትሮጥም። ይህ ለማንም አለቃ ተብሎ አይሻርም።

በሦስተኛው ዓመት ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ሰው የሚመረጥበት ማጣሪያ ሆሳዕና ላይ ተደረገ። ቅዳሜ ማጣሪያ፣ እሑድ ፍጻሜ። ከየርቀቱ ሦስት ሦስት ልጆች ያልፋሉ። የፋብሪካ ቡድኖች ሯጭ የሚመለምሉት ክፍለ ሀገር ላይ ስለሆነ፣ ያለፈች ልጅ ሥራ ታገኛለች ይባል ነበር። ዘነበች አባቷ ሞተዋል፤ ከእሷ በታች አራት ልጆች አሉ። እናቷ ከአንጋጫ በእግር መጥተው ሜዳው ዳር ተቀምጠዋል።

ቅዳሜ ዘነበች ሁለተኛ ወጣች። ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ቀልድ አልነበራትም። ተኛች። በእጄ ጀርባ ግራ ባቷን ነካሁት። ከውስጥ በኩል የአውራ ጣት ያህል ስፍራ ሞቋል፣ ትንሽም ጎድጎድ ብሏል። ቀና ስል እጄን ያዘችኝ።

«እትዬ፣ ለጋሼ አትንገሪያቸው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ነገ ብቻ ይለፍልኝ። ከነገ ወዲያ ይቆረጥ።»

ላምቤቦ ከወዲያ ጠየቀ። «ሙቀት አለው?»

«የለውም» አልኩ።

«በእጅ ጀርባ ነክተሻል?»

«ነክቻለሁ።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ቃጫ ነው።»

«ቃጫ ከሆነ ሙቅ ፎጣ አድርጊና ጠለቅ ብለሽ ሥሪው።»

ሠራሁት። አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም፤ አውቅ ነበር። ግን እኛ ዘንድ የተመታ ሁሉ በሞቀ ቅቤ ይታሻል። እናቴም እንዲሁ አሽታ ነው ያሳደገችኝ። ላምቤቦ ጥንቃቄ ያበዛል፣ ሺህ ዓመት ሰው በዚህ ሲድን ኖሯል ብዬ አሰብኩ። የእናቷም ፊት ትዝ አለኝ። ዘነበች ፍራሹን ነክሳ ድምፅ ሳታሰማ ታሸች።

እሑድ ባቷ አብጦ አደረ። ጠበቅ አድርጋ አሰረችውና ደህና ነኝ አለች። በሦስተኛው ዙር፣ ሁለተኛ ሆና እየሮጠች ሳለ፣ ከኋላ ሰው የመታት ይመስል ዘወር ብላ አየች። ከዚያ ወደቀች። ተሸክሜ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ባቷ ወደ ጉልበቷ ተሰብስቦ ነበር።

ሰኞ ኮሚቴው ጠራን። ጓድ ተክሌ ይህ አሻጥር ሊሆን ይችላል አለ። ያን ጊዜ ይህ ቃል ሰው ያሳስር እንደነበር ዕድሜው የደረሰ ያውቃል። ሙቅ ፎጣ ያዘዘው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ላምቤቦ እኔ ነኝ አለ። ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞሮ እግሯን ስነካው ምን እንደነበር ጠየቀኝ። አፌን ከፈትኩ። ላምቤቦ ቀደመኝ።

«እሷን አይጠይቋት፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለ። «እጇ የእኔ እጅ ነው። ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ የሚጠየቀውም እኔ ነኝ።»

አፌን ዘጋሁ።

እሱን ከወጌሻነት አነሱት። እኔን፣ ሴት የሚያሽ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ቀጥይ አሉኝ። ላምቤቦ መናኸሪያ ገብቶ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ዕቃ መጫን ጀመረ። በአንድ ክረምት የጣቶቹ ቆዳ እንደ ገመዱ ሻከረ። እኔ ወደ ልምምዱ ስሄድ በመናኸሪያው በኩል አልፋለሁ፤ ከላይ ሆኖ ሲያየኝ እጁን ያነሳልኛል።

ቤት ስንገናኝ ስለ ሥራው ይጠይቀኛል። ማን ሮጠች፣ ማን ቆጮ ሆነች፣ ማን ቃጫ። እነግረዋለሁ። ከዚያች ቀን ወዲያ አንድም አልዋሸሁትም፤ ያቺን አንዷን ግን አላነሳሁም። አንድ ቀን እሱ ራሱ አነሳት።

«ሲያድር ነው የገባኝ» አለኝ። «የዚያን ቀን ከዘነበች በፊት ዘጠኝ ልጅ ሠርተሻል። የእጅሽ ጀርባም ሞቆ ነበር። ሙቀቱ ያልተሰማሽ ለዚያ ነው። እጅሽን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክረሽ እንደገና ንኪው ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ለእኔ ማምለጫ ፈልጎ አግኝቶልኝ ነበር። ጥፋቱን ግን ለራሱ አስቀረው። ከዚያ በኋላ ያሠለጠንኳቸው ሁሉ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ውኃ ይነክራሉ። ጥሩ ልማድ ነው። ከምን እንደመጣ አልነገርኳቸውም።

ለምን እንዳልነገርኩት ራሴን ጠይቄአለሁ። መጀመሪያ የኮሚቴውን ቢሮ ፈራሁ፤ ማርቆስ ሕፃን ነበር። ኋላ ደርግ ወደቀ፣ ጓድ ተክሌም ከተማውን ለቅቆ ሄደ፣ የምፈራው ቢሮ አልቀረም። ግን የአንድ ቀን ውሸት ያን ጊዜ የብዙ ዓመት ሆኖ ነበር። ላምቤቦ እስኪያረጅ ቤታችን ለሚመጣ ሰው ወለምታ ይሠራ ነበር። ገበያ ላይ ግን ሲነሳ፣ እጁ ደህና ነው፣ ባት ብቻ አታስነኩት ይባል ነበር። ይህን እሱም ሰምቶታል።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ዘነበች ከአንጋጫ መጣች። አሁን የልጅ ልጅ አይታለች። ግራ ተረከዟ ዛሬም መሬት በደንብ አይነካም። ባለፉት ዓመታት ሆሳዕና ለገበያ ስትመጣ ቤታችን ትገባ ነበር፤ እኔ ግን ከእሷና ከእሱ ጋር አንድ ላይ ላለመቀመጥ ሁልጊዜ ሥራ እፈጥር ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲቀንስ አጠገቤ ተቀመጠች። ያን ቅዳሜ የተባባልነውን ለላምቤቦ ነግራው እንደሆነ ጠየቅኋት።



«እትዬ፣ እኔ እኮ አንቺ የነገርሻቸው መስሎኝ ነው ቤታችሁ እየገባሁ ስበላ የኖርኩት» አለችኝ። ቀጥላም፣ «በመጣሁ ቁጥር እግሬን አይተው ‹ይቅር በይኝ› ይሉኝ ነበር። እኔ ለትሕትና መስሎኝ ‹እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ› እላቸዋለሁ።»

ሰዎች መዝሙር ጀመሩ።

ከዚህ ሥራ የማውቀው ይህ ነው። የሚያሽ ሰው እጁ ላይ የተሰማውን እንዳለ መናገር አለበት፤ የሚያዝንላት ልጅ ብትለምነውም እንኳ። ጉልበትና ዘይት ማንም ያመጣል።

አሁን ሰው አላሽም። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ዳር እቀመጣለሁ። ላምቤቦን የሚያውቅ ሰው ሲመጣ የዘነበችን እግር ያበላሸው የእኔ ቃል እንደነበረ እነግረዋለሁ። እስካሁን ለአሥራ አንድ ሰዎች ነግሬአለሁ።