ወደ ራሄል ስክሪን የምልካቸው ዓይኖች

ዛሬ ጠዋት በወደብ ከተማችን ምኒልክ አደባባይ ሻይ ይዤ ስልኬን ስጎረጉር አንድ ዜና አየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁበት ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ዴስክቶፕ በአዲሱ እትሙ መስኮቶችን በስክሪን ላይ የሚከፍተውን የድሮ ሥርዓት ጨርሶ አስወግዶታል፤ ከእንግዲህ አንድም ፕሮግራም በእሱ ላይ አይደገፍም። አጠገቤ ለተቀመጡት ብነግራቸው ምን ገዷቸው! እኔ ግን ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ራሄልን ሳስብ ቆየሁ።

በወጣትነቴ እዚሁ አደባባይ አጠገብ በአንድ የትራንዚት ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ራሄል ፊተኛው ክፍል ተቀምጣ የጭነት ወረቀት ትጽፍ ነበር። አያቷ ከባቡሩ ሥራ ጋር ከአገር ቤት የመጡ፣ ቤታቸው ጋቦዴ ሰፈር የሆነ፣ በአማርኛ የጀመረችውን በፈረንሳይኛ የምትጨርስ ልጅ ነበረች። ረፋድ ላይ ትኩስ ሳምቡሳ ታመጣለች፤ እኔም የኪቦርዱን ነገር እየረሳሁ በቅባት እጄ እሠራ ነበር።

የድሮው ሥርዓት አንድ ጉድ ነበረው። እኔ ያስነሳሁት ፕሮግራም መስኮቱን በሌላ ክፍል ባለ ስክሪን ላይ መክፈት ይችላል። ማውሱ በሄደበት ሁሉ የሚንከባለሉ ሁለት ዓይኖችን የሚያሳይ ትንሽ መጫወቻ ነበረን። ወደ ራሄል እልካቸዋለሁ፤ ሳቋ ግድግዳውን አልፎ ይሰማኛል። ኋላ እሷም መላክ ተማረች። ዓይኖቹን መላክ ለእኛ "ሻይ እንጠጣ" ማለት ነበር፤ ሌላው ሠራተኛ አያውቅም።

ካምሲን የሚሉት ነፋስ አቧራውን እያስነሳ ከተማዋን በሚጠብስበት ወቅት፣ አንድ ረቡዕ ሄሮን በሚባለው ሰፈር ባሕሩ ዳር ስንሄድ እንደምወዳት ነገርኳት። ሽማግሌ ልላክ ወይ አልኳት።

"እሑድ ጠዋት ዓይኖቹን ከላክሁልህ፣ ሽማግሌ ላክ" አለችኝ። "ካልላክሁ ግን፣ በእናትህ፣ ዳግመኛ እንዳታነሳብኝ። አንድ ቢሮ ነው የምንሠራው፤ የሰው መነጋገሪያ መሆን አልፈልግም።"

"ቃሌ ነው" አልኳት።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሰው ሁሉ ወደ ጫቱ ተበተነ። እኔን ደስታው አላስቀምጥ አለኝ። ስንት ወር ያቆየሁትን ሥራ ጀመርኩ፤ በድሮው ሥርዓት የተደገፉትን ፕሮግራሞች ዘረዘርኩ፣ ለእያንዳንዱ ምትክ ፈለግሁ፣ ከዚያ አሮጌውን ከየኮምፒውተሩ ነቅዬ ያኔ ብቅ ያለውን አዲሱን ሥርዓት ተከልኩ። ዓይኖቹ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም። መጫወቻን ማን ሥራ ብሎ ይቆጥራል?

እሑድ፣ ያው እዚህ ዕረፍቱ ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ የሥራ ቀን ነው፣ ከስክሪኔ ሳልነቀል ዋልኩ። ምንም አልመጣም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ "እምቢ" መባልን እንዲያ የፈራ ልቤ ነገሩን ከሐሙሱ ሥራ ጋር ሊያገናኘው አልቻለም። ቃሌን ጠበቅሁ፤ እንዲያውም በጨዋነቴ ኮራሁ። በዓመቱ ራሄል ድሬዳዋ ተዳረች።

ከብዙ ዓመት በኋላ ዘመድ ልትጠይቅ መጥታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተገናኘን፤ ሁለት ልጆች ይዛለች።

"ያን እሑድ ሦስቴ ላክሁልህ" አለችኝ። "ኮምፒውተሩ ሦስቴም አልተቻለም አለኝ። ሐሳብህን ቀይረህ የዘጋህብኝ መስሎኝ..."

እውነቱን ነገርኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ "አይ አንተ" አለች። ልጆቿን ጠርታ ሄደች።

ትናፍቀኛለች፤ ምን እደብቃለሁ። አዲሱ ሥርዓት ማንም ተነስቶ በሰው ስክሪን ላይ መስኮት እንዳይከፍት ይከለክላል፤ ትክክል ነው፣ ብጠየቅ እኔም እንዲያው እመክራለሁ። የዚያን ሐሙስ ሥራዬም እንከን አልነበረውም። እሑድ ጠዋት ሁሉም ኮምፒውተር በሰላም ተነሳ፤ ከቢሮው አንድም ሰው ቅሬታ ይዞ አልመጣም።